አሥራ አንደኛው ደብተር

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ እስኪነሣ ስጠብቅ ነው። በተቆለፈ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው በሩን በጥፍሩ እንደሚነካካ ዓይነት ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ቀጭ። የሚመጣው ከጠረጴዛው ሥር ከቆመው፣ ቢቸና ውስጥ ሁላችንም «ሲፒዩ» ከምንለው ሣጥን ነው። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ብነካው የሚብስበት መሰለኝ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጆሯቸው ግን የዓይናቸውንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ደጅ የቆመውን ሰው ገና ሳይናገር ከእርምጃው ይለዩታል።

ምን እንደሚያንኳኳ ጠየቁኝ። ማራገቢያው ነው፣ አቧራ ገብቶበት ይሆናል አልኳቸው። ማራገቢያው ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ መናገር ልማዴ አይደለም፤ ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

የፈራሁት ለዕቃው አልነበረም። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ነው፤ ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር የምትሠራበት ቤት ዕቃውን ሲለውጥ አግኝታ የላከችልኝ። የፈራሁት በውስጡ ስላሉት ሰዎች ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ግን ከቅኔው ይልቅ ዘር በመቁጠር ያውቃቸዋል። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመታጨቱ በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባቱ ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል፤ ሠርጉ ተደግሶ ጠላው ተጠምቆ ቢሆንም ይቀራል። ሽማግሌ የሚቆጥረው በቃሉ ነው፤ በቃል የተያዘ ደግሞ ይስታል። አባቴ ስሕተት ስለማይወዱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ እየጠየቁ ጻፉ። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በዚያ ገጽ ላይ ስንት ስም እንዳለ ቆጥረው ያሰፍሩ ነበር፤ ገልባጭ አንድ ስም ቢዘል ከቁጥሩ እንዲያዝ ነው።

ደብተር ያረጃል። ሲያረጅ ወደ አዲስ ይገለበጣል፤ አንዱ እያነበበ ሌላው እየሰማ ይነጻጸራል፤ ከዚያ አሮጌው ይቃጠላል። አይጣልም። ገጹ ሁሉ በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ የክርስትና ስሞቹም የመላእክትና የቅዱሳን ናቸው፤ ሱቅ ገብቶ የስኳር መጠቅለያ ሊሆን፣ በእግር ሊረገጥ አይገባም። አመዱ በውኃ ተበጥብጦ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው ጽድ ሥር ይፈስሳል። አባቴ በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገዋል። ሦስተኛው ተራ የእኔ ሆነ።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች እትዬ እያሉ እርሳስ ይለምኑኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን በቀላል አያየውም፤ እኔም ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ስለምድ ደብተሮቹን በወረቀት ሳይሆን በእርሱ ልገልብጣቸው አሰብኩ።

«ይህ ዕቃ አይጥ ይበላዋል?» ብለው ጠየቁኝ አባቴ።

«አይበላውም፣ አባባ።»

«ዝናብስ?»

«አይገባበትም።»

«እንግዲያስ ከወረቀት ይሻላል» አሉ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ደብተር አንድ ፋይል አደረግኩት። የገጹን ግርጌ ቁጥር ሳይቀር ጻፍኩ። ከዚያ እኔ ከስክሪኑ እያነበብኩ እርሳቸው እየሰሙ አስተካከልነው፤ ሦስት ቦታ አረሙኝ። በመጨረሻም እንደ ደንቡ ደብተሮቹን አጥቤ ባስቀመጥኩት ገል ላይ ገጽ በገጽ አቃጠልኳቸው። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሙቀቱን በእጃቸው መዳፍ ይሰሙ ነበር። አመዱን እኔው ወስጄ አፈሰስኩ።

ማተሙን ከፋሲካ በኋላ እያልኩ አሳደርኩት። ወደ ፍላሽ እንዳልቀዳው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ የሞላበት ነበር፤ የሰው ፍላሽ በኮምፒውተሬ አይገባም ብዬ እኮራ ነበር። ንጽሕናዬ ነው የጎዳኝ።

ያን ቅዳሜ ኮምፒውተሩ እንደምንም ተነሣ። አራተኛውን ደብተር ልከፍት ስል ቀጭታው በረታ፣ ስክሪኑ ቆመ፣ ከዚያም ፋይሉ ሊነበብ አይችልም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት። በሦስተኛው ተከፈተልኝ። ቫይረስ ነው ብዬ ማጽጃውን አሠራሁት፤ ሲሠራ ውሎ ምንም የለም አለኝ። ምንም የለም ማለቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ስሙ የታወቀ በሽታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከሮብ ገበያ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ደጃችን ተቀምጣ አገኘናት። ልጇን የቢቸና ልጅ ጠይቋት ኖሯል፤ ሠርጉ ለጥር ታስቧል። የሴትዮዋ አያት ከእኛ አገር ተድረው የሄዱ ስለሆነ የሚገናኙበት እንዳይኖር ፈርታለች። አባቴ የሁለቱንም ወገን ስም ሰምተው ትንሽ አሰቡ፤ የሚገናኙ አይመስለኝም፣ ግን በመሰለኝ ልጅ አይዳርም አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አራተኛውን ደብተር እንዳነብላት ነገሩኝ።

መብራት የለም አልኳቸው።

አባቴ ቀና ብለው የሆነ ነገር የሚያዳምጡ መሰሉኝ። ከዚያ ለሴትዮዋ የዛሬ ሳምንት ተመለሺ አሏት። እርሷም እጃቸውን ስማ፣ «የኔታ፣ ልጅቷ እኮ ሌላ አላይም ብላለች» ብላ ሄደች። ያለን አንድ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የልጅቷ ነገር እንደ ድንጋይ ተጫነኝ።

ከትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ያመጣሁት የኮምፒውተር ጥገና መጽሐፍ ነበረኝ፤ ወፍራም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማንም ከእኔ በፊት ያልገለጠው። መዝገበ ቃላቴን ጎኑ አስቀምጬ የሃርድ ዲስክ ብልሽት የሚለውን ምዕራፍ ያዝኩ። እኔ መጽሐፍ የማነበው አባቴ ተማሪዎቻቸውን እንዳስተማሩት ነው፤ አንዱ ሳይደላደል ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የመጀመሪያው ገጽ ዲስኩን አስመርምር፣ ስሕተት ከተገኘ እንዲጠግነው ፍቀድለት ይላል። ስለዚህ ገጹን ሳላገላብጥ እንደታዘዝኩት አደረግሁ።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ምርመራውን ለመተው የሚፈልግ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ይጫን ይላል። ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት። ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተጫንኩም። ከዚያ መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። አብዛኛው አይገባኝም፤ አንድ ቃል ግን በየመስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፤ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም፣ ዴሊት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እየሰረዘ ነው። ምኑን እንደሚሰርዝ ቁጥር እንጂ ስም አይነግረኝም። ዲቫይደሩን ከግድግዳው ልነቅል እጄን ዘረጋሁ፤ መጽሐፉ ግን በመካከል ኃይል ማቋረጥ የበለጠ ጥፋት ያመጣል ብሏል። እጄን መለስኩ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቤተሰብ የሚወጣ መሰለኝ። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ተከታትለው ከደጅ ይወጣሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ሲያበቃ ከሰዓት በኋላው አልፎ ነበር። አሥራ አንዱም ፋይሎች በስም አሉ። ለመክፈት ስሞክር ግን አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው የመጽሐፉን ገጽ የገለበጥኩት። የሚቀጥለው ገጽ በጥቁሩ ጎላ ተደርጎ ተጽፏል፤ ከሁሉ በፊት ፋይሎችህን ወደ ሌላ ቦታ ቅዳ፣ የሚያንኳኳ ዲስክ አታስጠግን፣ አትክፈተው። መጽሐፉን ዘጋሁና ላዩ ላይ እጄን ጭኜ ቆየሁ። አባቴ እራት አትበይም ወይ ሲሉኝ ራሴን አሞኛል አልኩ። ሦስተኛው ውሸቴ ነበር።

ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ዲስክ የሚያድን ሰው አለ ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ነገሩኝ። ሰኞ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሣጥኑን ሙሉውን ይዞ መሄድ ስለማይቻል መጽሐፉ እንደሚለው በሰውነቴ ያለ ኤሌክትሪክ እንዳያበላሸው መጀመሪያ የሣጥኑን ብረት ነክቼ፣ አራቱን ብሎኖች በካራ ጫፍ ፈትቼ፣ ገመዶቹን ነቅዬ ዲስኩን አወጣሁት። የዳዊት መጽሐፍ ያህላል፤ ከዳዊት ይከብዳል። በነጠላ ጠቅልዬ ለአባቴ ለሥራ ተልኬያለሁ አልኳቸው። መንገድ ላይ ተጠንቀቂ አሉኝ።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ጭኔን ከወንበሩ አነሣለሁ፤ ንዝረቱ ወደ ዲስኩ እንዳይደርስ ጉልበቴን እንደ ስፕሪንግ አደርገዋለሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እግሬ ደንዝዟል። ጎኔ የተቀመጠ ነጋዴ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «እህቴ፣ እንቁላል ከሆነ በአንድ ቅርጫት ባታደርጊው ጥሩ ነበር» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ስቄ አልመለስኩለትም፤ ሳያውቅ ልክ ብሏል። ደብረ ወርቅ የእናቴ አገር ነው። ለወትሮው ሳልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ እሳለማለሁ፤ ያን ቀን እጄን ከዲስኩ ላይ ማንሣት ስለፈራሁ በዓይኔ ብቻ ተሳለምኩ።

ጠጋኙ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ እስላም ነበሩ። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተፈታታ ሬዲዮ አሁንም ተሰቅሏል። ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ጆሯቸውን ሰጡት። እንደ አባቴ ያዳምጣሉ።

ከቀጭታው በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስነሣሁት ጠየቁኝ።

«አሥራ አራት ጊዜ።»

«ቆጥረሻል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«እየቆጠርሽ ገደልሽው በይኛ» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሐኪም ቀልድ ነው። ፊቴን ሲያዩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በውስጡ የሚያነበው ክንድ ወለሉን እየጫረው እንደሆነ፣ በሠራ ቁጥር እንደሚብስበት አስረዱኝ። «ስንት ፋይል እንደሚወጣልን አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ በአንድ ነው የምናወጣው። እህቴ፣ ከሁሉ የምትፈልጊውን አስቀድሚ።»

አሥራ አንዱ ስሞች ስክሪኑ ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። የሰው ዘር እንደዚያ ተደርድሮ ማን ይቅደም ተብሎ መጠየቅ የማይገባኝን ሥልጣን የያዝኩ አስመሰለኝ። አራተኛውን አልኩ፤ የሮብ ገበያዋ ሴት ልጅ ናት ያለችበት። ከዚያ ሰው የሚበዛባቸውን፣ ከዚያ የሚያንሱትን አስከተልኩ። አሥራ አንደኛውን መጨረሻ አደረግኩት። አሥራ አንደኛው የእኛ ቤት ነው፤ የአባቴ ወገንና የእናቴ ወገን። ወጥ ሲወጣ የራስን አስቀድሞ ማውጣት ነውር ነው ተብዬ አድጌያለሁ። በዚያ ቅጽበት ስለ ዲስክ የሚናገር ምንም ደንብ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ይኸው የገበታ ደንብ ነው።

አራተኛው ሲወጣ ግማሽ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀረው። ዲስኩ ሲግል ይቆማል። ያኔ ነቅለው እርጥብ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልለው ላዩ ላይ ያደርጉበታል። ዙህር ሲደርስ፣ «እርሱም ይረፍ፣ እኔም ልስገድ» ብለው ወጡ። ብቻዬን ከዲስኩ ጋር ቀረሁ። ሲመለሱ ዳዊት ስደግም አገኙኝ፤ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

በዚያ ቀን አምስት ወጣ። ሞጣ ካለች ዘመዳችን ቤት አድሬ በማግሥቱ ስመለስ አምስት ደግሞ ወጣ። አሥራ አንደኛውን ሲጫኑት ዲስኩ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ከዚያ እስከዚያ ቀን ያልሰማሁትን ዓይነት፣ ቢላ በሞረድ ላይ የሚሳል ዓይነት ረጅም ድምፅ አወጣ። ከዚያ ዝም አለ። ጠጋኙ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሦስተኛ አልሞከሩም።

አሥሩን እዚያው ጎረቤት ካለው ማተሚያ በወረቀት አሳተምኳቸው። ወረቀቱ ገና ሞቃት ሳለ ጠጋኙ ሌላ ፍርሃት ጨመሩልኝ፤ ከተጎዳ ዲስክ የወጣ ፋይል ተከፈተ ማለት ሙሉ ነው ማለት አይደለም፣ ከመካከሉ የጎደለ ሊኖር ይችላል፣ እዩት አሉኝ። የጠፋውስ ጠፋ ይባላል። አንድ ስም ሳይታይ ወጥቶ ከሆነ ግን ሰባተኛው ስድስተኛ፣ ስምንተኛው ሰባተኛ ሆኖ ይነበባል፤ ማንም አያውቅም። በመንገድ ላይ ዲስኩን ሳይሆን ወረቀቱን ታቅፌ የአራተኛውን ደብተር ስሞች በየገጹ ቆጠርኩ፤ ከአባቴ የግርጌ ቁጥር ጋር አስተያየሁ። ሚኒባሱ ሲዘል ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። የአንዱም ገጽ አልጎደለም።

ቤት የገባሁት ረቡዕ ነው። አባቴ በሩን ሳልፍ፣ «ዕቃው ተሻለው?» አሉኝ። አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን እሑድ ወፍጮው ይፈጭ ነበር» አሉ። «መብራት እንዳለ አውቄያለሁ። ያላወቅሁት ምን እንዳስፈራሽ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመጽሐፉን ገጽ፣ የሚሰርዘውን ቃል፣ አሥራ አራቱን ጊዜ። እርሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ እስኪቀንስ ጠበቅኩ። የትኛው እንደቀረ ብቻ ጠየቁ። አሥራ አንደኛው አልኩ። እጃቸው የመደቡን ቁርበት ጠርዝ ይዳስስ ነበር።

«ደብተር አምጪ» አሉ በመጨረሻ። «የወረቀቱን።»

የራሳቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ምንም ሳያቋርጡ አወረዱት፤ እጄ አልደረሰባቸውም። ወደ እናቴ ሲያልፉ አዘገሙ። እናቴ ወገኗን ያስቆጠረቻቸው ታማ ሳለች፣ ከማረፏ በፊት በነበረው ጾም ነው፤ የወገኗን ዘር በቃሉ የሚቆጥር ሰው ሁሉ አልቆ እርሷ ብቻ ቀርታ ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። አራተኛውን አስበው አገኙት። በአምስተኛው አንድ ስም ጠሩ፤ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይተው አይደለም አሉ፣ እርሱ በእናቷ በኩል ነው። ሰረዝኩ። ሌላ ሊጠሩ ጀምረው ተዉት።

«ይሆናል የምንለውን ልጻፈው? በኋላ እንጠይቅበታለን» አልኩ።

«ባዶ ተይው። በግምት የተሞላ ከባዶ ይከፋል።»

እሑድ የሮብ ገበያዋ ሴት መጣች። አነበብኩላት፤ በስምንተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ አንድ አልፎ ነው። እርሷ እልል ልትል አፏን ስትይዝ እኔ ገጹን እንደገና እቆጥር ነበር። ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ።

ወደ ደብረ ወርቅ ሄጄ የእናቴን የሩቅ ዘመዶች ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት አምስተኛው ይህ ነው አሉኝ፤ የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ሌላ ስም ነገረኝ፤ ሁለቱም ይምላሉ። ሁለቱንም አልጻፍኩም።

አባቴ ካረፉ ቆይቷል። ዛሬ ሁሉም በወረቀት አለ፣ በሦስት ቦታም ተቀድቷል፤ ኮምፒውተር ስከፍት ግን እስኪነሣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። የእናቴ ወገን ያለበትን ገጽ ያኔ ከእርሳቸው ጋር ሳነጻጽር ቆጥሬው ስለነበር የግርጌው ቁጥር አልጠፋኝም፤ ሠላሳ አንድ ነው፣ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ከላይ ያሉት ስሞች ሃያ ሁለት ናቸው። የእህቴ ልጅ አድጋለች። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ወርቅ በኩል ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች እንዳሉ እህቴ በስልክ ነግራኛለች፤ ደብተሩን አውጥተሽ እይልን ብላኛለች። አውጥቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገና አልገለጥኩትም።